የቲቢው መድኃኒት የኤችአይቪውን ከደም ሴል ያስወጣዋል?

ጥያቄው፦ «ወንድሜ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። በቀን አንድ ኪኒን እየዋጠ ደህና ነበር። ባለፈው ወር ቲቢ ተገኘበትና የቲቢ መድኃኒት ጀመረ። በዚያው ቀን ፋርማሲ ውስጥ ሌላ ትንሽ ብልቃጥ ጨመሩለትና ማታ ማታ አንድ አንድ ዋጥ አሉት። ለምን እንደሆነ አላስረዱትም። እኔ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሪፋምፒሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነጭ የደም ሴሎች ላይ መድኃኒት የሚያስወጡ ፓምፖችን ያበዛል የሚል አነበብኩ። የፓምፑ ጂን ስም ደግሞ ኤምዲአር ይላል። ኤችአይቪ የሚኖረው ነጭ የደም ሴል ውስጥ አይደል? ታዲያ የቲቢው መድኃኒት የኤችአይቪውን ከደሙ እያስወጣበት ነው? ኤምዲአር ይዞት ይሆን? ፓምፑን የሚለካ የደም ምርመራ አለ? አንደኛውን ለጊዜው ቢያቆምስ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አንዱንም አያቁም። ያልታከመ ቲቢ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ፣ በፍጥነት ይገድላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ማቆራረጥ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል። ያቺ የማታዋ ኪኒን በስህተት የተጨመረች አይደለችም። እርስዎን ላስጨነቀው ነገር የተዘጋጀችው መልስ ራሷ ናት። ወደ እሷ እንመለሳለን።

ቀጥሎ ኤምዲአር። እዚህ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ስም ይዘው ተጋጭተዋል። እኛ አገር ኤምዲአር ሲባል ሰው ሁሉ የሚደነግጠው መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ አስቦ ነው። ያ የባክቴሪያው ጉዳይ ነው። የባክቴሪያው ጂን ላይ ለውጥ ሲመጣ ሪፋምፒሲን የሚይዝበትን ቦታ ያጣል። እርስዎ ያነበቡት ኤምዲአር1 ግን የሰው ጂን ነው። እርስዎም አለዎት፣ እኔም አለኝ። ስሙ የመጣው ከካንሰር ሕክምና ነው፤ የካንሰር ሴሎች ይህን ፓምፕ አብዝተው ብዙ ዓይነት መድኃኒት ሲተፉ ስለታየ ነው። የወንድምዎ ቲቢ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በአክታ ምርመራ ነው። ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይናገራል። ከተሠራለት ውጤቱ መዝገቡ ላይ ስላለ ይጠይቅ። ስለ ፓምፑ ያነበቡት ነገር ግን ስለ ቲቢው ዓይነት ምንም አይነግርዎትም።

አሁን ወደ ፓምፑ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ቶሮንቶ ውስጥ፣ ኮልቺሲን የሚባለውን የሪህ መድኃኒት መቋቋም በጀመሩ የሃምስተር (አይጥ መሰል እንስሳ) ሴሎች ላይ ነው። ሴሎቹ መድኃኒቱ እያለ አይሞቱም። ምክንያቱ ሲፈለግ በሴሉ ሽፋን ላይ ከልክ በላይ የበዛ አንድ ፕሮቲን ተገኘ። ፕሮቲኑ የሴሉን ኃይል እያቃጠለ፣ የገባውን ባዕድ ነገር መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል። ዘበኛ በሉት። ይህ ዘበኛ ግን መታወቂያ አጣርቶ አይደለም የሚያስወጣው፤ በመልክ የማይመሳሰሉ በርካታ መድኃኒቶችን ያባርራል።

«ከደሙ ያስወጣበታል» ያሉት ላይ ትንሽ ላርም። ዘበኛው የት ቆሟል የሚለው ነው ወሳኙ። አንጀት ላይ ሲቆም፣ የዋጡትን መድኃኒት ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ወደ አንጀት ይመልሰዋል። ጉበት ላይ ሲቆም ወደ ሐሞት ይደፋዋል። የአንጎል የደም ሥሮች ላይ ሲቆም አንጎል እንዳይገባ ይከለክላል። ነጭ የደም ሴል ላይ ሲቆም ግን የሚገፋው ከሴሉ ወደ ደም ነው፤ ከደም ወደ ውጭ አይደለም። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት የሚቀንሰው በነጭ ሴል ፓምፕ ሳይሆን በአንጀትና በጉበት በኩል ነው። የነጭ ሴሉ ፓምፕ ሊነካ የሚችለው ሴሉ ውስጥ የሚቀረውን መጠን ነው። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ።

ሪፋምፒሲን ፓምፑን እንዴት ያበዛል? መድኃኒቱ ባክቴሪያን የሚገድለው አርኤንኤ የሚሠራበትን ኢንዛይም በማገድ ነው። የኛን ኢንዛይም አይነካም። ግን እኛ ውስጥ ሌላ ነገር ይነካካል። የጉበትና የአንጀት ሴሎች ፒኤክስአር የሚባል ጠቋሚ ፕሮቲን አላቸው፤ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሥራው ባዕድ ኬሚካል ሲገባ ማስጠንቀቅ ነው። ሪፋምፒሲን ይህን ጠቋሚ አጥብቆ ይቀሰቅሰዋል። ሰውነት መርዝ የጎረፈበት ይመስለውና መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችንና መድኃኒት የሚገፉ ፓምፖችን አብዝቶ ማምረት ይጀምራል። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ፕሮቲን መመረት አለበት፤ ጥቂት ቀናት ይወስዳል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። መድኃኒቱ ሲቆምም እንደዚሁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ቀን ሪፋምፒሲንና የአስረኛው ቀን ሪፋምፒሲን አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጉበት መድኃኒቶችን ከደም የሚያስገባባቸውን አጓጓዥ ፕሮቲኖች ያግዳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ደም ውስጥ ይጨምራሉ። ቀናት ሲቆጠሩ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይቀንሳሉ። ሪፋምፒሲን እንዲህ ያደርጋል የሚል ጽሑፍ ሲያነቡ ስንተኛው ቀን ላይ እንደተለካ ማየት ያስፈልጋል።

አንጀት ላይ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት 8 ጤነኛ ሰዎች በቀን 600 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን እየወሰዱ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ተሰጣቸው። ዲጎክሲን በኢንዛይም ብዙም አይሰባበርም፤ ስለዚህ የፓምፑን ሥራ ለብቻው ለማየት ይመቻል። ከአንጀታቸው በተወሰደው ቅንጣት ላይ ፓምፑ በአማካይ 3.5 እጥፍ በዝቶ ተገኘ። በአፍ የተወሰደው ዲጎክሲን ደም ውስጥ በግልጽ ቀነሰ። በደም ሥር ሲሰጥ ግን ልዩነቱ አነስተኛ ነበር። ዋናው ዘበኛ የቆመው አንጀት ላይ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው።

የደም ሴሎች ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። በመጀመሪያ ቀዮቹን እናውጣ። የበሰለ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም። ኒውክለስ ከሌለው አዲስ ፕሮቲን እንዲያመርት ሊቀሰቀስ አይችልም። ስለዚህ ሪፋምፒሲን ቀይ ሴል ላይ ፓምፕ አያበዛም። ቀዮቹ ሲወለዱ ይዘዋቸው የመጡ ሌሎች አጓጓዦች አሏቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የደም ዓይነት ሆነው የተመዘገቡ ናቸው። ላን እና ጁኒየር የሚባሉት ብርቅ የደም ዓይነቶች መሠረታቸው እነዚህ አጓጓዦች መሆናቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ለወንድምዎ ጉዳይ አይጠቅምም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የጻፍኩት።

ነጮቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎት። ደም ይቀዳል። ሴንትሪፉጅ ውስጥ ይሽከረከራል። ቀዮቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከላይ ይቀራል፣ በመሃል እንደ ስስ ጉም የምትታይ ነጭ መስመር ትሠራለች። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሴሎች እዚያች መስመር ላይ ናቸው። በቀጭን ፒፔት ቀስ ተብለው ይመጠጣሉ። ከዚያ ሮዳሚን 123 የሚባል የሚያበራ ቀለም ይጠጣሉ። ፓምፑ ቀለሙንም እንደ ባዕድ ያየዋል። ትንሽ ጠብቀው በሌዘር ሲያዩአቸው፣ ፓምፕ የበዛባቸው ሴሎች ቀለሙን ተፍተው ደብዝዘዋል፤ ፓምፕ ያነሰባቸው እንዳበሩ ናቸው። ቬራፓሚል የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ፓምፑን ስለሚያግድ እሱን ሲጨምሩበት ደብዛዞቹም ቀለሙን ይዘው ይቀራሉ። ይሄኔ ቀለሙን ሲያስወጣ የነበረው ፓምፑ መሆኑ ይረጋገጣል።

በዚህ ዓይነት ዘዴ ሪፋምፒሲን ሲሞከር የተገኘው መልስ አንድ አይደለም። በአንዳንድ ሥራዎች ሊምፎሳይት ላይ ፓምፑ ጨምሯል፤ በሌሎች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ለምን? ያ ባዕድ ጠቋሚ ፕሮቲን ከጉበትና ከአንጀት ጋር ሲተያይ ነጭ ሴል ውስጥ ጥቂት ነው። ደግሞ የፓምፑ መልእክተኛ አርኤንኤ (ከጂኑ የሚወጣው የምርት ትእዛዝ) ጨመረ ማለት ፓምፑ ጨመረ ማለት አይደለም፤ ፓምፑ ጨመረ ማለትም ጠንክሮ ሠራ ማለት አይደለም። ሦስቱ የተለያዩ ልኬቶች ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ ግን እንደ አንድ ይወራሉ። ሰውም ከሰው ይለያያል። ሴሎቹም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ፓምፑ በብዛት የሚገኘው ናቹራል ኪለር በሚባሉትና በሲዲ8 ሴሎች ላይ ነው። ኤችአይቪ ቤቱን የሠራባቸው ሲዲ4 ሴሎች ያነሰ አላቸው።

ፍርሃትዎ ግን መሠረት የለውም አልልም። ኤችአይቪ የሚባዛው ሴል ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱም የሚሠራው እዚያው ነው። ስለዚህ «ሴሉ ውስጥ ስንት ቀረ?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለአንዳንዶቹ መድኃኒቶች በቀጥታ ተለክቷል። ቴኖፎቪርን እንውሰድ። ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ሴሉ ራሱ ፎስፌት ይለጥፍበታል። የሚሠራው ቅርጹ ያ ነው፤ ያ ቅርጽ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም፣ ለቀናት ይቆያል። ቲኤኤፍ የሚባለው አዲሱ የቴኖፎቪር ዓይነት ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሰጥ ምን እንደሚሆን በጤነኛ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ፕላዝማ ውስጥ ያለው መድኃኒት በ55 በመቶ ወረደ። ነጭ ሴሉ ውስጥ ያለው የሚሠራው ቅርጽ የወረደው ግን በ36 በመቶ ነው። ከወረደም በኋላ የድሮው ቴኖፎቪር ብቻውን ሲወሰድ ሴል ውስጥ ከሚያስቀምጠው ከ4 እጥፍ በላይ ነበር። ፕላዝማውን ብቻ ያየ ሰው «አለቀልን» ይል ነበር። ወንድምዎ አገር ቤት የሚወስደው የተለመደው የሦስቱ ጥምር ኪኒን ከሆነ ውስጡ ያለው የድሮው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን ልብ በሚባል ደረጃ አይጎዳቸውም። መጠኑ መስተካከል ያለበት ዶሉቴግራቪር ነው።

ዶሉቴግራቪርን የሚያጠፋው በዋናነት ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። ስሙ ዩጂቲ1ኤ1 ይባላል፤ ሲፕ3ኤ4 የሚባለውም ያግዘዋል። ሪፋምፒሲን ሁለቱንም ያበዛል። ፓምፑም ትንሽ ድርሻ አለው፤ ግን ዋናው ጥፋተኛ ኢንዛይሙ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ያረጋጋል። በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር በሚወስዱ ጤነኛ ሰዎች ላይ ሪፋምፒሲን ሲጨመር አጠቃላይ የመድኃኒቱ መጠን በ54 በመቶ፣ ከሚቀጥለው ኪኒን በፊት የሚቀረው ደግሞ በ72 በመቶ ወረደ። ያስደነግጣል። ግን ያው ሁለት ጊዜ ከሪፋምፒሲን ጋር የተወሰደው፣ ያለ ሪፋምፒሲን በቀን አንዴ ከሚወሰደው ጋር ሲተያይ በ33 በመቶ ይበልጣል። አያችሁ? ሪፋምፒሲን የሚወስደውን ያህል የማታዋ ኪኒን፣ ማለትም ተጨማሪዋ ዶሉቴግራቪር፣ መልሳ ትሞላለች። የዚያች ትንሽ ብልቃጥ ምስጢር ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ኬፕ ታውን ውስጥ በ108 ሰዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ተጨማሪ ኪኒን የወሰዱትና ያልወሰዱት በ24ኛው ሳምንት ተቀራራቢ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህን አንብበው «እንግዲያው አያስፈልግም» እንዳይሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁለቱን ቡድኖች አወዳድሮ ለመፍረድም አልተዘጋጀም። የሚጠቅመን አንድ ምሽት የዘነጋ ሰው በፍርሃት እንዳይሞት ነው እንጂ፣ ብልቃጡን ለመጣል አይደለም።

ብልቃጥ ካልኩ አይቀር። አንድ ታካሚ አስታውሳለሁ፤ በሁለተኛው ወር ሲመጣ የቲቢውን መድኃኒት ጥርግ አድርጎ ጨርሷል። ትንሿ ብልቃጥ ግን ማኅተሟ እንኳ አልተከፈተም። «አንድ መድኃኒት ሁለቴ በስህተት የሰጡኝ መስሎኝ ተውኩት» አለኝ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የሰጠው ሰው ሁለት ደቂቃ ቆሞ አላስረዳውም። ስለዚህ ወንድምዎን ዛሬ ማታ ደውለው ይጠይቁት። የጠዋቱን ጥምር ኪኒን በ1 ሰዓት ከዋጠ፣ የማታዋን ዶሉቴግራቪር በ1 ሰዓት፤ ማለትም በ12 ሰዓት ልዩነት።

ፓምፑን የሚለካ ምርመራ ይሠራለት ወይ? አይሠራለት። ያ የሌዘር ዘዴ የምርምር መሣሪያ እንጂ የክሊኒክ ምርመራ አይደለም። ቢሠራለትም አይጠቅመውም። የአንድን ሰው የደም ሴሎች ከራሱ አንጀትና ጉበት ጋር ያነጻጸሩ ሥራዎች አንዱ ሌላውን በደንብ እንደማይወክል አሳይተዋል። ከክንዱ የተቀዳ ደም አንጀቱ ላይ ስንት ዘበኛ እንደቆመ አይነግርም። የሚጠቅመው ምርመራ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት ልኬት ነው። ሴሉ ውስጥ በቂ መድኃኒት ካለ ቫይረሱ አይባዛም፤ ይህ ከየትኛውም የፓምፕ ቆጠራ ይበልጣል። መቼ እንደሚሠራለት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከፓምፑ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የጨጓራ መድኃኒት ነው። የቲቢ መድኃኒት ሆድ ያቃጥላል፤ ሰው ሱቅ ሄዶ የሚታኘክ ወይም ነጭ ሽሮፕ ይገዛል። ውስጡ ያለው አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል። አይረንና ካልሲየምም እንደዚሁ። ዶሉቴግራቪሩን ከእነዚህ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት አዘግይቶ ይውሰድ። በቀን ሁለቴ ለሚውጥ ሰው ይህን ሰዓት ማመቻቸት ከባድ ስለሆነ፣ ቃጠሎ ካስቸገረው በራሱ ከመግዛት ሐኪሙን ያማክር። ስኳር ካለበትና ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነም ይናገር፤ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን ደም ውስጥ ይጨምረዋል።

ሽንቱ፣ ላቡና እንባው ብርቱካንማ ቢሆን አይደንግጥ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ቢያስመልሰው፣ ምግብ ፈጽሞ ቢጠላ ግን ያ ጉበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ውጭ አገር ሆናችሁ ቢክታርቪ የሚባለውን የኤችአይቪ ኪኒን የምትወስዱ፣ ለድብቅ ቲቢ ሪፋምፒን ለ4 ወር ውሰዱ ከተባላችሁ፣ ሪፋምፒን ማለት ያው ሪፋምፒሲን ነው። ቢክታርቪ ከሱ ጋር አይሰጥም። መድኃኒቱን ያዘዘላችሁ ሰው ኤችአይቪ እንዳለባችሁ ላያውቅ ስለሚችል ተናገሩ፤ ሌላ አማራጭ አለ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስዱ ሴቶችም እንዲሁ፤ ሪፋምፒሲን ኪኒኑን ያዳክመዋል።

ሁለተኛው፣ «አንቲባዮቲክ ፓምፕ ያበዛል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። አሞክሲሲሊን እንዲህ አያደርግም። ክላሪትሮማይሲን እንዲያውም በተቃራኒው ፓምፑን ያግዳል። ለጨጓራ ባክቴሪያ ማጥፊያ ከሚሰጡት አንዱ እሱ ነው። ዲጎክሲን የሚወስዱ የልብ ታማሚ አዛውንት ይህን ሲጨምሩ ዲጎክሲኑ ደማቸው ውስጥ ወደ መርዝነት ሊደርስ ይችላል። ለሪህ ኮልቺሲን የሚወስድ ሰው ላይም አደጋው እስከ ሞት የሚያደርስ ነው። ያ ከሃምስተር ሴሎች ሲተፋ የነበረው ኮልቺሲን፣ ዘበኛው ሲታሰር ሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

ወንድምዎን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ሦስቱንም ይቀጥል፤ የጠዋቱን ጥምር፣ የቲቢውን፣ የማታዋን 50 ሚሊ ግራም። ቲቢው ድኖ የመጨረሻውን ሪፋምፒሲን የዋጠ ቀን ደግሞ የማታዋን አብሮ አይተዋት። የበዙት ኢንዛይሞች ወዲያው አይጠፉም። ያን ቀን ካላንደር ላይ ያክብብና 14 ቀን ቆጥሮ፣ እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ይዋጣት።